ሙሽራውን ብቻ ሳይሆን ሚዜዎቹንም እንወቅ

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ዛሬ ቅድሚያ የሰጠነው ስለ መርፌ የሚጠይቅ ነው። ከኋላው የመጡ ሳይሆን ከፊቱ የነበሩ ደብዳቤዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ይቅርታ እየጠየቅን ተራቸውን ለዚህ ሰጥተናል። ምክንያቱን ስታነቡት ትረዱታላችሁ። ስምና አድራሻ እንደ ልማዳችን አውጥተናል።

«ለዝግጅት ክፍሉ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዕድሜዬ 27 ነው። የምኖረው ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ ቶንሲል እየተመላለሰ ይይዘኝ ነበርና ልቤን ነካው ተባለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እወጋለሁ። ያማል፤ ግን ለምጄዋለሁ። ትንሽ አስምም አለብኝ፤ ብርድ ሲሆን ይነሳብኛል።

ከሁለት ወር በፊት ወገቤን ይዞኝ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ሰፈራችን ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ሄጄ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጉኝ። ገና ከአልጋው ሳልወርድ ፊቴ ጋለ፣ ደረቴ ተጨነቀ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ስተነፍስ ያፏጫል። ደግነቱ እዚያው ነበርኩና ተረባርበው አተረፉኝ። ልወጣ ስል አንዷ ነርስ ‹አንቺ ለመርፌ የምትሆኚ ሰው አይደለሽም፤ ሁለተኛ እንዳትወጊ› አለችኝ።

እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ መርፌ የሚባል ነገር በቤቴ አይነሳ ብላለች። ጡረታ የወጡ ድሬሰር ጎረቤት አሉን። እሳቸውም ‹ፔኒሲሊንማ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሰው ይገድላል› ብለው አጸደቁላት። እኔም ፈራሁና ሁለት ወር ሙሉ የልቤን መርፌ አልተወጋሁም። ሰሞኑን ደግሞ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ጓደኛዬ ግን ‹መድኃኒቱ ላይሆን ይችላል፣ የተቀላቀለበት ነገር ይሆናል› ትለኛለች። ለመሆኑ መርፌ ውስጥ ከመድኃኒቱ ሌላ ምን ይገባል? ደግሞስ ልተወው ወይስ ልቀጥል? ምክራችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ።»

ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ የሚያስቸኩለውን እንነጋገር። ይህን ጽሑፍ አንብበሽ ስትጨርሺ፣ ከቻልሽ ዛሬውኑ፣ ካልሆነም ነገ ጠዋት የልብ ክትትል ወደምታደርጊበት ቦታ ሂጂ። ሁለቱን ወር እንዳልተወጋሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ጉሮሮሽ መከርከሩንም ንገሪያቸው። አንቺ በልጅነትሽ የያዘሽ ዓይነት የልብ ሕመም መነሻው የጉሮሮ ተሕዋስ ነው። ያ ተሕዋስ በተመላለሰ ቁጥር የልብ በር የሆኑት ቫልቮች እንደገና ሊጎዱ ይችላሉ። በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥሽ ፔኒሲሊን ይህን ጥቃት በር ላይ የሚመልስ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሁለት ወር ሙሉ ከበር ላይ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ እስኪጣራ ብለሽ ቤት አትቀመጪ፤ የሚጣራውም እዚያው ሐኪሙ ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንመለስ።

ብልቃጡ ውስጥ ማን ማን አለ?

ጓደኛሽ የዋዛ ሰው አይደለችም። አብዛኞቻችን መርፌ ስንወጋ የምናውቀው የመድኃኒቱን ስም ብቻ ነው። እሱንም ካወቅን ነው! ነገር ግን መድኃኒት ለብቻው ብልቃጥ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሙሽራ ሚዜዎቹን አስከትሎ እንደሚመጣ ሁሉ መድኃኒቱም የራሱ አጃቢዎች አሉት። በሽታውን የሚያክመው ሙሽራው ነው። ሚዜዎቹ በሽታ አያድኑም። ሙሽራው ሳይበላሽ፣ ሳይዘቅጥ፣ ሰውነትን ከመጠን በላይ ሳያቃጥል ካሰበበት እንዲደርስ ያደርጋሉ። ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ «ኤክሲፒየንት» ወይም «ሌሎች ይዘቶች» ተብለው በደቃቅ ፊደል የሚጻፉት እነሱ ናቸው።

ሥራቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ማሟሚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ የመርፌ ውሃ ነው። አንዳንድ መድኃኒት ግን በውሃ አልሟሟም ይላል። ለሚጥል በሽታ በድንገት የሚሰጠውን ዳያዜፓምን ብንወስድ፣ የሚሟሟው ፕሮፒሊን ግላይኮል በሚባል ፈሳሽና በአልኮል ነው። ደም ሥር ሲያቃጥል የሚሰማውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ለአእምሮ ሕመም በየወሩ ወይም በየጥቂት ሳምንቱ የሚሰጡት እንደ ሃሎፔሪዶል ዲካኖኤት ያሉት መርፌዎች ደግሞ የሚመጡት በሰሊጥ ዘይት ውስጥ ነው። አዎን፣ ያው የምናውቀው ሰሊጥ። ዘይቱ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ስለዚህ የዘይት መርፌ ጡንቻ ላይ እንጂ ደም ሥር ውስጥ ፈጽሞ አይሰጥም። ሰሊጥ የማይስማማው ሰውም ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት።

ሁለተኛው ጠባቂው ነው። አንድ ብልቃጥ ደጋግሞ በመርፌ እየተወጋ ለብዙ ጊዜ የሚቀዳ ከሆነ ተሕዋስ ሊገባበት ይችላል። ይህን ለመከላከል ቤንዚል አልኮል፣ ፊኖል፣ ሜታክሬሶል ወይም ፓራቤን የሚባሉ ነገሮች ይጨመራሉ። በአንድ ጊዜ ተሰብሮ የሚያልቅ አምፑል ብዙውን ጊዜ ጠባቂ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ከአየር የሚከላከለው ነው። ድንች ልጣችሁ ስታስቀምጡ ይጠቁር የለ? አንዳንድ መድኃኒትም አየር ሲነካው እንደዚያው ይበላሻል። ይህ እንዳይሆን ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት የሚባል ጨው ይገባበታል። የሰልፋይት ወገን ነው። ይኸው ወገን በወይን ጠጅና በደረቁ ፍራፍሬዎች ውስጥም እንዲቆዩ ተብሎ ይገባል።

አራተኞቹ አስማሚዎቹ ናቸው። ጨው፣ ማኒቶል፣ ጥቂት አሲድ ወይም የአሲድ ተቃራኒ ይጨመርና ፈሳሹ ከደማችን ጋር እንዲቀራረብ ይደረጋል።

ልብ በሉ፤ መጠናቸው ትንሽ ነው። ከመቶ ሰው እጅግ አብዛኛው ሚዜዎቹ መኖራቸውን እንኳ ሳያውቅ ተወግቶ፣ ድኖ ወደ ሥራው ይሄዳል። ያለ እነሱ ብዙው መርፌ ጭራሽ አይሠራም ነበር። ስለዚህ «ለካስ መርዝ ሲወጉን ኖረዋል» የሚል ወሬ ይዞ የሚወጣ አንባቢ እንዳይኖር አደራ።

ሚዜው ሲያጠፋ

ይህን ካልን በኋላ ሚዜ የሚያጠፋበት ጊዜ እንዳለ መደበቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ በሁለት የሕክምና ማዕከላት 16 አራስ ሕፃናት ሞቱ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት ነበሩ። ትንፋሽ እያጠራቸው፣ አየር ለመሳብ እያቃሰቱ፣ ደማቸው አሲድ እየሆነ ነበር የሞቱት። ሲጣራ ጥፋቱ የመድኃኒት አልነበረም። ደም ሥር ውስጥ የገባችው ቀጭን ቱቦ እንዳትዘጋ በየጊዜው የምትታጠብበት የጨው ውሃ ውስጥ ቤንዚል አልኮል ነበረበት፤ ከመቶ 0.9 እጅ ብቻ። ለአዋቂ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። አንድ ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ግን ያውም በቀን ደጋግሞ ሲሰጥ ከባድ ነው። ጉበቱ ገና ስላልበሰለ ሊያስወግደው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ቤንዚል አልኮል ያለበት ፈሳሽ ለአራስ እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል።

ሌላም እንጨምር። ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባለው መርፌ አለርጂ ሲነሳ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። አንዳንዱ ምርት ግን ላክቶስ የሚባል ከላም ወተት የሚወጣ ስኳር ነበረበት፤ ከስኳሩ ጋርም ትንሽ የወተት ፕሮቲን ሊቀር ይችላል። ለወተት ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው አለርጂው ተነስቶበት ሲመጣ በዚህ መርፌ ሲወጋ ምን ይሆናል? ከመዳን ይልቅ ይብስበታል። ሐኪሙ ደግሞ ሕመሙ የጸና መስሎት ሊደግመው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ላክቶስ ያለበት ይህ መርፌ ለላም ወተት አለርጂ ላለባቸው እንዳይሰጥ፣ ፋብሪካዎቹም ላክቶሱን እንዲያወጡት ጠየቀ። ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚነፋው ሰው ግን ሌላ ነው፤ የሱ ጉዳይ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ከሁለቱ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሐኪም ሙሽራውን ብቻ እያየ ቢፈልግ ጥፋተኛውን አያገኘውም ነበር።

ወዳንቺ ጉዳይ እንምጣ

እህታችን፣ ያን ቀን የተወጋሽው ዳይክሎፌናክ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሚሊ ሊትር አምፑል ይመጣል። በውስጡ መድኃኒቱ 75 ሚሊ ግራም ነው። በብዙ ፋብሪካዎች ምርት ውስጥ የቀሩት ሚዜዎች ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ቤንዚል አልኮል፣ ማኒቶልና ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ናቸው። አንቺ ደግሞ አስም አለብሽ። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ።

አንደኛው ራሱ ዳይክሎፌናክ ነው። አስም ካለባቸው ሰዎች መካከል አስፕሪንና ዘመዶቹ አስማቸውን የሚቀሰቅሱባቸው አሉ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ጥፋተኛው እሱ ከሆነ በመርፌ ብቻ ሳይሆን በክኒንም ያገኝሻል። እንዲያውም ከየሱቁ ገዝተን የምንውጠው የራስ ምታት ክኒን ለአንቺ ከመርፌ የማይተናነስ አደጋ አለው ማለት ነው። «መርፌ አይስማማኝም» ብለሽ መርፌውን ሸሽተሽ ክኒኑን ብትውጪ ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቢው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሰልፋይቱ ነው። እሱም አስም ያለባቸውን ጥቂት ሰዎች ትንፋሽ ያሳጥራል። ጥፋተኛው እሱ ከሆነ ደግሞ መጠንቀቅ ያለብሽ ከዳይክሎፌናክ ብቻ ሳይሆን ሰልፋይት ካለባቸው ሌሎች መርፌዎችም፣ ከአንዳንድ መጠጥና ምግብም ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እኛ ከዚህ ሆነን ልንፈርድ አንችልም። አንቺም ቤትሽ ሆነሽ እየቀመስሽ ልትሞክሪው አይገባም። ይህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። እስኪለይ ድረስ ግን ዳይክሎፌናክም ሆነ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ሐኪም ሳይፈቅድልሽ እንዳትወስጂ።

አሁን አንድ ነገር አስተውይ። ከሁለቱ የትኛውም ጥፋተኛ ቢሆን ፔኒሲሊኑ ክሱ ውስጥ የለበትም። ፔኒሲሊን የዳይክሎፌናክ ዘመድ አይደለም። አንቺ የምትወጊው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ደግሞ በተለምዶ ሰልፋይት አይገባበትም። ከዚያም በላይ 15 ዓመት ሙሉ በየአራት ሳምንቱ ስትወጊው ከሕመሙ በቀር ምንም አላደረገሽም። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? እርግጥ የፔኒሲሊን አለርጂ በማንኛውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ከተወጋሽ በኋላ ለግማሽ ሰዓት እዚያው ጤና ተቋሙ ውስጥ ተቀመጪ። ይህ ግን ለጥንቃቄ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ጎረቤታችሁ የተናገሩትም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከዚህ መርፌ በኋላ የሞቱ ሰዎች ወሬ በብዙ አገር ይወራል፤ ባለሙያዎችም ይፈሩታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ይህን ጉዳይ መርምሮ አንድ ነገር አስታወቀ። ልባቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕመምተኞች ላይ ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ድንገተኛ ሞቶች አንዳንዶቹ ከአለርጂ ይልቅ ከራሱ ከልቡ መድከም ጋር የተያያዙ ሳይሆኑ አይቀሩም ነው የሚለው። ሕመሙና ድንጋጤው የልብ ምትንና የደም ግፊትን በድንገት ዝቅ ሲያደርገው የተዳከመ ልብ መቋቋም ያቅተዋል። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሕመምተኞች በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪምሽን «የኔ ልብ በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? በመርፌው ልቀጥል ወይስ በክኒን ይለወጥልኝ?» ብለሽ ጠይቂው። መርፌው ከቀጠለልሽ ባዶ ሆድሽን አትሂጂ፤ ውሃ ጠጥተሽ ሂጂ፤ ተጋድመሽ ተወጊ። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ ከሐኪሙ አፍ ትስማው።

ያቺ ነርስ ክፉ ሰው አይደለችም። ስላንቺ ደንግጣ ነው። ግን «ለመርፌ የምትሆኚ ሰው አይደለሽም» ከምትልሽ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ብትጽፍልሽ ኖሮ ሁለት ወር አይባክንም ነበር። መርፌ የሚባል አንድ መድኃኒት የለም። መርፌ መንገድ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚሄደው ሌላ ሌላ ነው።

ጉዱን ደግሞ ስሙ። እንዳንቺ ትንፋሽ አጥሮት ለሚመጣ ሰው ሕይወት አድን የሆነው አድሬናሊን በብዙ ምርቶች ውስጥ የሚጠበቀው በዚያው በሰልፋይት ነው! ታዲያ ሰልፋይት የማይስማማው ሰው አድሬናሊን ይከልከል? በፍጹም። የመድኃኒቱ ወረቀት ራሱ ሕይወት አደጋ ላይ ስትሆን ሰልፋይት አለበት ተብሎ እንዳይቀር ይናገራል። ሚዜውን ማወቅ የሚጠቅመው ለመመዘን ነው። ሁሉንም ለመሸሽ ከሆነ ባይታወቅ ይሻል ነበር።

አጫጭር መልሶች

በዚሁ ጉዳይ የመጡ ሦስት ሌሎች ጥያቄዎች ስላሉ አብረን እንመልሳቸው።

«አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። የሚወጋው ኢንሱሊን እንደ ሆስፒታል ይሸታል፤ ደግሞም ደፍርሷል። ተበላሽቶ ይሆን?» ላልሽው፦ ሽታው ሜታክሬሶልና ፊኖል ከሚባሉት ጠባቂዎች የሚመጣ ነው፤ አያሳስብም። መደፍረሱ ግን እንደ ኢንሱሊኑ ዓይነት ነው። ኤን ፒ ኤች የሚባለው ሲሠራም ደፍራሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሃገዶርን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ከዓሣ የሚገኝ ፕሮታሚን የሚባል ፕሮቲን ከኢንሱሊን ጋር ቢያዋህደው ኢንሱሊኑ ቀስ ብሎ ሲሠራ አየ። ከኤን ፒ ኤች ሦስት ፊደላት የመጨረሻው የእሱ ስም ነው። ይህን ዓይነቱን ኢንሱሊን ከመቅዳታችሁ በፊት በመዳፋችሁ መካከል በቀስታ አንከባሉት፤ እንደ ሽሮፕ አትናጡት። ተንከባሎም እንደ በረዶ ቅንጣት ከብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ አትጠቀሙበት። ኩልል ያለ መሆን ያለበት ኢንሱሊን ደፍርሶ ከተገኘም ይመለስ።

«ለወንድሜ በደም ሥር የሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን ታዝዞለት ፋርማሲው ከዱቄቱ ጋር ትንሽ አምፑል ሰጠን። ሰፈራችን ያለ መርፌ ወጊ በዚያው በጥብጦ ይስጠው?» ላልከው፦ ቆይ! አምፑሉ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ሊዶኬይን የሚል ከሆነ እሱ የማደንዘዣ መድኃኒት ነው። ሴፍትሪያክሶን ጡንቻ ላይ ሲወጋ ስለሚያም ሕመሙን ለማስታገስ የሚመጣ ሚዜ ነው። በሊዶኬይን የተበጠበጠ ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ፈጽሞ አይሰጥም፤ የልብ ምትን ሊያዛባና ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ለደም ሥር የሚሆነው በመርፌ ውሃ የሚበጠበጠው ነው። ከዚህም ሌላ ይህን መድኃኒት ሰፈር ውስጥ ከሚያስወጋ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይሻላል። አለርጂ ቢነሳ መርፌ ወጊው ቤት አድሬናሊን የለም።

«የሦስት ወር መርፌ ዘይት ነው፤ ማኅፀን ውስጥ እየተጠራቀመ ይቀራል ይባላል» ላልሽው፦ ዘይት አይደለም። በውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ የሆርሞን ቅንጣት ነው። ከመወጋቱ በፊት በደንብ የሚናጠውም ስለዚህ ነው። የሚቀመጠው የተወጋሽበት ቦታ ነው፤ እዚያው ሆኖ ቀስ በቀስ እየሟሟ ያልቃል። ማኅፀን ውስጥ ሄዶ የሚከማች ነገር የለም። ቅንጣቶቹ ተበትነው እንዲቆዩ የሚያደርጉት ፖሊኢትሊን ግላይኮልና ፖሊሶርቤት የሚባሉ ሚዜዎች ናቸው። እጅግ ጥቂት ሰዎች ለመጀመሪያው አለርጂ አላቸው። የሦስት ወር መርፌ ተወግታ ሰውነቷ ሽፍ ያለ ወይም ትንፋሽ ያጠራት ሴት ካለች «ሆርሞን አልተስማማኝም» ብላ ብቻ እንዳታልፈው። ይኸው ነገር ማክሮጎል በሚል ስም የሆድ ድርቀት መድኃኒት ሆኖ ይሸጣል፤ ዘመዱም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በተሰጡት አንዳንድ የኮቪድ ክትባቶች ውስጥ ነበረ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መርፌ ተወግታችሁ ያልተለመደ ነገር ከተሰማችሁ ብልቃጡን ወይም አምፑሉን፣ ካርቶኑንና ወረቀቱን አታስጥሉ። «ያው መድኃኒት ነው» ብላችሁም አትተዉት። ስሙ አንድ የሆነ መድኃኒት ከሁለት ፋብሪካ ሲመጣ ሙሽራው አንድ ሆኖ ሚዜዎቹ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ የወጋችሁ ባለሙያ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የመድኃኒቱ ስም፣ የፋብሪካው ስም፣ ብልቃጡ ላይ ያለው የምርት ቁጥር፣ በምን እንደተበጠበጠ፣ ጡንቻ ላይ ይሁን ደም ሥር፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን እንደተሰማችሁ፣ ምን ተሰጥቷችሁ እንደዳናችሁ። ይህን መጠየቅ ነገር መፈለግ አይደለም። ባለሙያውም ጉዳዩን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቅ ይገባዋል፤ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ አስም፣ የወተት፣ የሰሊጥ ወይም የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪም ባይጠይቀውም ራሱ ይናገር። ለአራስ ሕፃን መርፌ ሲታዘዝ «ቤንዚል አልኮል አለበት እንዴ?» ብላ የምትጠይቅ እናት አዋቂ ናት፤ ማንም ሊቆጣት አይገባም።

አራተኛ፣ ለረጅም ጊዜ የታዘዘላችሁን መድኃኒት በፍርሃት ከማቋረጣችሁ በፊት ያዘዘላችሁን ሐኪም አነጋግሩ።

አንቺ እህታችን፣ ወደዚያ ክሊኒክ ተመለሺና ያን ቀን የተወጋሽውን ዳይክሎፌናክ የፋብሪካ ስም ጠይቂ። መዝገብ ላይ ይገኛል፤ ካልተጻፈም ያኔ የሚጠቀሙበትን ያውቁታል። እሱን ግን የልብ ሐኪምሽን ካየሽ በኋላ አድርሺው። ጉሮሮሽ ይቅደም። ምን እንዳሉሽ ብትጽፊልን ደስ ይለናል።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።